ገመዱና ዱባው

ኦቶሰ በታካናዋ የድንጋይ በር በኩል ታላቋ ከተማ ኤዶ የገባችው በሩጫ ነው። ኪሞኖዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ የሳር ጫማዋን ከቁርጭምጭሚቷ ጋር ጠፍራ አስራ፣ የተጠቀለለ ገመድ እንደ ዝናር በደረቷ ላይ አጋድማ ነበር። የበሩ ሻይ ሻጮች «አረፍ ይበሉ እናቴ» ሊሏት አፋቸውን ሲከፍቱ የቀረላቸው አቧራዋ ብቻ ነው። አፋቸውን እንደከፈቱ አቧራውን ጠጡት።

ከኋላዋ ማታሮኩ ተመዘገዘገ። ትከሻው ላይ የሕፃን ጭንቅላት ሦስት እጥፍ የሚያክል ዱባ ተሸክሟል፤ ለአራሷ የሚቀቀል፣ ከመንደሩ ማሳ የተቆረጠ።

«እትዬ ኦቶሰ፣ ኧረ ቀስ ይበሉ። ኤዶ እንደሆነች የትም አትሄድብን።»

«ኤዶ አትሄድም። ልጅ ግን ደጅ አይጠናም።»

ማታሮኩ ከሳጋሚ መንደሮች ወደ ኤዶ የደረቀ ፍሬና ወሬ የሚያመላልስ ሰው ነው። ፍሬው አንዳንዴ መንገድ ላይ ይጎድላል። ወሬው ግን መንገድ ላይ እያደገ ነው የሚደርሰው። በእሱ አፍ ኤዶ ውስጥ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ አንዱ ሲያስነጥስ የሦስተኛው ሰፈር ሰው አፍንጫውን ይጠርጋል። የዓሣ ገበያው ድመቶች ጥጋባቸው ልክ ስላጣ አይጥ ሲያዩ «ግባ፣ ያለውን እንቅመስ» ይላሉ። የአገሩ ገዢ የሾጉኑ ግንብ ደግሞ ከፍታው ለጉድ ነው፤ አንዱ ዘበኛ ከላይ ድንጋይ ቢጥል፣ ድንጋዩ መሬት ሳይደርስ ዘበኝነቱን ልጁ ይወርሰዋል።

ስለዚህ ይኸው ማታሮኩ መንደር ገብቶ «ኦዮነ ቀኗ ደርሷል። ልጁ ሆዷ ውስጥ ተጋድሟል ይላሉ። እናቴን ጥራልኝ ብላኛለች» ባለ ጊዜ መንደሩ በሙሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኦቶሰ ግን ፊቱን አየችው። ማታሮኩ ሲዋሽ ግራ ቅንድቡ ብድግ ይላል። ይህን የምታውቀው ከእናቱ ማህፀን ጀምሮ ስለምታውቀው ነው፤ ያዋለደችው እሷ ናት። ያን ቀን ቅንድቡ ከቦታው አልተነቃነቀም። ኦቶሰ ገመዷን ከግድግዳው አወረደች።

ገመዱ የቃጫ ነው። ወላድ ስታምጥ ከጣሪያው አግዳሚ ላይ ይንጠለጠልና እሱን ጨብጣ ትገፋለች። የመንደሩ ሴት ሁሉ በዚያ ገመድ ወልዳለች፤ እያንዳንዷም ስትገላገል ኦቶሰ ከቤቷ ጨርቅ አንዲት ቅዳጅ ወስዳ ጫፉ ላይ ታስርበታለች። ገመዱ አሁን ጫፉ ላይ ከገመድ ይልቅ የዶሮ ጅራት ይመስላል። ከቅዳጆቹ የጎደለችው የራሷ ልጅ የኦዮነ ናት። ኦዮነ ኤዶ ተድራ የመጀመሪያዋን ስትወልድ ገመዱ ሳጋሚ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ እናት የደረሰችው ከቀብሩ በኋላ ነው። በትንሿ መቃብር ፊት ቆማ ለልጇ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ «ሁለተኛ ያለ ገመዱ አትወልጂም።» ኦቶሰ ደግሞ በዕድሜዋ ውሸት የተናገረች ሴት አይደለችም። መንደሩ ውስጥ ሁለት ሰው ሲካሰስ «ኦቶሰ ምን አለች?» ነው የሚባለው።

የዓሣ ቅርጫቱን በዱላ አንጠልጥሎ የሚሮጥ አንድ ሰው ማታሮኩን ሲያይ ቆመ።

«አንተ፣ የባልዲ ሠሪው የቶኩጂ አማት ናቸው እንዴ እኚህ? ሚስቲቱኮ ጎህ ሲቀድ ምጥ ጀምሯታል። አሁን እነሱ ሰፈር ሃቾቦሪ ዓሣ ሸጬ መምጣቴ ነው፤ ጩኸቷ እስከ ቦዩ ይሰማል።»

ኦቶሰ «አመሰግናለሁ» እንኳ አላለችም። እግሯ ቀድሟት ሄዷል።

«በዋናው መንገድ አይሆንም» አለ ማታሮኩ እየተከተላት። «የበሬ ጋሪ ሞልቶታል። እኔ አቋራጭ አውቃለሁ። ይህን ከተማ እንደ መዳፌ ነው የማውቀው።»

ኦቶሰ ዞራ ቅንድቡን ብታየው ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ ነበር። አላየችውም።

አቋራጩ በመኳንንቱ ግቢዎች መካከል ገባ። ግራም ቀኝም ነጭ ግንብ ነው፤ በር የለው፣ ሰው የለው፣ ማብቂያም የለው። ሦስት ጊዜ ያንኑ የጥድ ዛፍ አለፉት፤ በሦስተኛው ማታሮኩ ዛፉን እንደ ጎረቤት እጅ ነሳው። በመጨረሻ ኪዮባሺ ድልድይ አጠገብ ዋናው መንገድ ላይ ብቅ ሲሉ ፀሐይዋ ከአናታቸው አልፋለች። መውጣታቸውስ ጥሩ ነበር። የወጡት ግን ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ሃቾቦሪ ወዲያ፣ እነሱ ወዲህ።

ልክ በዚያች ቅጽበት ድምፁ መጣ።

«ዝቅ... ዝቅ በሉ... ዝቅ...»

መንገዱ እንደታጨደ እህል ተኛ። ጋሪ ነጂው፣ ነጋዴው፣ ሕፃን ያዘለችው ሁሉ ግንባሩን አፈር አስነካ። ማታሮኩ ኦቶሰን ጎትቶ አስተኛት። ከደቡብ በኩል ላባ የታሰረባቸው ረጃጅም ጦሮች እየተወዛወዙ ብቅ አሉ፤ ከኋላቸው በጥቁር ቀለም የተለበጡ ሣጥኖች፣ ከዚያ ቀስተኞች፣ ከዚያ የተሸለሙ ፈረሶች፤ መጨረሻው አይታይም። የሾጉኑ የሥጋ ዘመድ የሆኑ ታላቅ መስፍን ወደ ከተማው እየገቡ ነው።

«ይሄ መቼ ያልቃል?» አለች ኦቶሰ አፈር ላይ ሆና።

አጠገቧ የተደፋች ማበጠሪያ ሻጭ አሮጊት አፍንጫዋን ከመሬት ሳታነሳ መለሰች። «ገና ጦረኞቹ ናቸው እህቴ። ጌታው የተቀመጡበት ወሳንሳ እንኳ አልደረሰም። አምና ለኚሁ ጌታ ሰግጄ ስነሳ፣ ጠዋት ያሰጣሁት ልብስ ደርቆ፣ ጎረቤቴ ለብሳው ገበያ ሄዳ ነበር።»

«ልጄ ወዲያ ማዶ ምጥ ላይ ናት። እኔ አዋላጅ ነኝ።»

አሮጊቷ አንድ ዓይኗን አዞረች። «አዋላጅ ነሽ? ታዲያ ምን ትተኛለሽ? የጌታን ሰልፍ መቁረጥ የተፈቀደለት የሾጉኑ ፈጣን መልእክተኛና አዋላጅ ብቻ ነው። ጎንበስ ብለሽ ሩጪ፤ ማንም አይነካሽም።»

«ይኸው፣ አላልኩዎትም?» አለ ማታሮኩ፤ ምንም አላለም ነበር። «ይሂዱ። ድልድዩን በግራ ትተው፣ የቀርከሃ ተራውን አልፈው፣ ሁለተኛው ቦይ ጋ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ የተቃጠለው መታጠቢያ ቤት... አይ፣ እሱ ተሠርቷል... ብቻ አንድ ጠጅ ቤት አለ፣ ከሱ ጀርባ ካለው መተላለፊያ ቀጥሎ ሌላ መተላለፊያ...»

ኦቶሰ ወዲያ ማዶ ያለውን የጣሪያ ባሕር አየች። ማለቂያ የለውም። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ለብቻዋ ከገባች ልጇን የምታገኘው ነገ ማለዳ ነው፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ዘግይታ ደርሳለች።

«አንተም ትመጣለህ።»

«እኔ? እኔ አዋላጅ ነኝ እንዴ? ወንድ ሰልፍ ከቆረጠ እዚያው ነው የሚቆረጠው።»

ኦቶሰ ማታሮኩን አየችው። ከዚያ ዱባውን አየችው። ከዚያ መልሳ ማታሮኩን። ማታሮኩ ምን እንዳሰበች የገባው ከሷ ቀድሞ ይመስለኛል፤ ፊቱ ያልበሰለ ሐብሐብ መሰለ።

«አይሆንም እትዬ።»

«እስከ ዛሬ በአፍህ ስትዋሽ ኖረሃል» አለችው። «ዛሬ በሆድህ ትዋሻለህ።»

በእሳት ቀን እንዲደርሱ ተብለው ከአንድ ሱቅ ጥግ የተደረደሩት የውሃ በርሜሎች ጀርባ በደረታቸው ተሳቡ። ኦቶሰ ከጓዟ ትርፍ ኪሞኖዋን አወጣች። ዱባውን ሆዱ ላይ አድርጋ በመታጠቂያ ጠፈረችው፤ እጇ ዕድሜዋን ሙሉ የእርጉዝ ሆድ ሲያስር የኖረ ነውና አጥብቆ አሰረ። የተላጨ አናቱን በላብ መጥረጊያው ጨርቅ ጠመጠመችለት። ማበጠሪያ ሻጯ የራሷን የአንገት ልብስ ወርውራ «ፊቱን ሸፍኚው፤ ይሄን ፊት የሚያስረግዝ ባል የለም» አለች፤ ከዚያ ሳቋን አፈር ውስጥ ቀበረችው።

«እትዬ፣ ከያዙኝ አንገቴን ነው።»

«አንገትህን የምትወደው ከሆነ ዱባውን አጥብቀህ ያዝ። አትናገር። አቃስት ብቻ።»

«እንዴት ነው የሚቃሰተው?»

«እናትህ አንተን ስትወልድ እንዳቃሰተችው። ነግሬሃለሁ፤ ገና ሳትወጣ ነው ያስቸገርካት።»

ኦቶሰ ተነሳች። በተደፋው ሕዝብ መካከል ብቻዋን ስትቆም፣ መሬት ላይ ያሉት ትንፋሻቸውን ሲውጡ ተሰማት። ገመዱን በግራ እጇ ከፍ አድርጋ፣ በቀኟ ማታሮኩን በብብቱ ደግፋ፣ ጎንበስ ብላ ወደ ጦሮቹ ገባች።

«ልጅ ሊወለድ ነው» አለች። «አሳልፉኝ።»

ሁለት ጦር ፊቷ ላይ ተመሳቀለ። ከጎን አንድ ሽበታም ሳሙራይ ወጣ፤ እጁ ሰይፉ እጀታ ላይ ነው።

«ማነሽ?»

«የሳጋሚ አዋላጅ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«አዋላጅ ለብቻዋ ታልፋለች። ይህችኛዋ ምንድን ናት?»

ኦቶሰ መዋሸት አታውቅም፤ በዚያች ሰዓት ልትማርም አልቻለችም። ስለዚህ ያወቀችውን ብቻ ተናገረች። «ያለ እኔ ልጁ አይወጣም፤ ያለዚህ ሰው ደግሞ እኔ አልደርስም።»

«ምጡ መቼ ጀመረ?»

«ጎህ ሲቀድ።»

ሳሙራዩ ዝቅ ብሎ የማታሮኩን እግር አየ። ከኪሞኖው በታች የወጣው ቅልጥም ጠጉሩ የጥድ ጫካ ነው።

«ይህ እግር...»

«የገጠር ሰው» አለች ኦቶሰ።

ማታሮኩ በዚህ ጊዜ አቃሰተ። ማቃሰት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እንደ በሬ አገሳ። ከፈረሶቹ አንዱ ደንግጦ ወደ ኋላ ረገጠ፤ ማታሮኩም ሲሸሽ መታጠቂያው ላላ። ዱባው ወረደ። በመላው የሰልፍ ጦር ፊት፣ ቀስ እያለ፣ ከደረት ወደ እምብርት፣ ከእምብርት ወደ ጭን ወረደ፤ ማታሮኩ በሁለት እጁ ከታች ተቀብሎ ጉልበቱን አጋጥሞ ቆመ። አሁን ማቃሰቱ የውነት ነበር።

የሽበታሙ ፊት ነጣ። እንደ ርኩሰት የሚቆጠር የወሊድ ደም በጌታው መንገድ ላይ ከፈሰሰ፣ ጌታው በዚያ መንገድ አያልፉም፤ ሰልፉ ሁሉ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ጌታው ይነጻሉ፣ ሾጉኑ ይጠብቃሉ፣ የዘገየበት ምክንያት ሲጠየቅም አንድ ሽበታም ራስ ይፈለጋል።

«እየወረደ ነው» አለ ሳሙራዩ፤ ድምፁ ሚስቱ ምጥ የያዛት ባል ድምፅ ሆነ። «አሳልፏቸው። ክፈቱ። አንቺ ሴትዮ፣ ያዢው እንጂ፤ ወዲያ እስክትደርሱ ያዢው።»

«ይዤዋለሁ፣ ጌታዬ» አለች ኦቶሰ፤ በእርግጥም ይዛው ነበር።

ጦሮቹ ተከፈቱ። ሣጥን ተሸካሚዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። አዋላጇና እርጉዙ፣ አራት እጅ በአንድ ዱባ ላይ፣ እንደ ሸርጣን በጎን እየተራመዱ የሾጉኑን ዘመድ ሰልፍ ለሁለት ቆረጡት። ማዶ ሲደርሱ በመጀመሪያው መታጠፊያ ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ኤዶ ውስጥ ነፍሰ ጡር እንደዚያ ሮጣ አታውቅም።

የማታሮኩ መንገድ በዚህኛው በኩል አልተሳሳተም። ቀርከሃ ተራውን፣ ቦዩን፣ ጠጅ ቤቱን አለፉ። ሁለተኛው መተላለፊያ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ጣሪያ ብዙ ጎጆ የሚያለብስበት ረጅም ቤት አለ። ጩኸቱ አሁን ደክሞ ነበር። ኦቶሰን ያስፈራት መድከሙ ነው።

ኦዮነ በተጠቀለለ ፍራሽ ላይ ተደግፋ፣ ጎረቤት ሴቶች ከበዋት፣ ከንፈሯ አመድ መስሎ አገኘቻት። ልጅቱ ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ ያየችው እናቷን አይደለም፤ ገመዱን ነው።

«አመጣሽው» አለች።

«ብዬሽ የለም?»

ኦቶሰ ገመዱን በአግዳሚው ላይ ወርውራ በእጇ ሳበችው። አግዳሚው እንደ ደረቅ ዳቦ ተንኮሻኮሸ፤ ብል የበላው ዱቄት በጭንቅላቷ ላይ ረገፈ። የኪራይ ቤት ጣሪያ ዝናብም አይችል፣ እንኳን ምጥ። ቀና ብላ ዙሪያውን ቃኘች። ከዚያ የክፍሉ ግድግዳ ጣሪያው ድረስ እንደማይደርስ አየች፤ ወዲያ ያለው የቶኩጂ ባልዲ መሥሪያ ነው፣ ወንዶቹም እዚያ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። የገመዱን ጫፍ በክፍተቱ አሳልፋ ወረወረችው።

«ማታሮኩ፣ ያዝ። እንዳትለቅ።»

ከወዲያ ገመዱ ተወጠረ። ኦዮነ ከወዲህ ጨበጠችው።

ከዚህ በኋላ ያለው የሴቶች ነገር ነው፤ ኦቶሰም ለማንም አታወራውም። ሆዱን በሁለት መዳፏ እየዳሰሰች፣ የተጋደመውን ልጅ በየምጡ መሐል ጥቂት በጥቂት አዞረችው፤ ጀልባ ከጠባብ ቦይ ውስጥ እንደሚዞር። ኦዮነ ስትገፋ ገመዱ ይጮኻል፤ ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ማታሮኩ ሰውነቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ እግሩን ከባልዲ ቁልል ጋር አጋጥሞ ይስባል። ባልየው ቶኩጂ መጀመሪያ አብሮ ይዞ ነበር፤ ከዚያ የሚስቱን ድምፅ ሰምቶ ራሱን ስቶ ባልዲዎቹ መሐል ተኛ። ፀሐይዋ ወደ ቤቶቹ ጣሪያ ስትወርድ ገመዱ አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጦ ላላ፤ ቀጥሎም አንድ ትንሽ፣ የተቆጣ ድምፅ ተሰማ።

«ሴት ናት» አለች ኦቶሰ በግድግዳው ክፍተት በኩል። «ሁለቱም ደህና ናቸው። ያን ባል ውሃ አፍስሱበት።»

መተላለፊያው ላይ እሳት ተነደደ፤ ድስት ተጣደ፤ ዱባው ተከተፈ። ኦቶሰ እጇን ስትታጠብ ከውጭ የማታሮኩን ድምፅ ሰማች። መዳፉ በገመድ ተልጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ አፉ ግን ምንም አልሆነም።

«...በጦሮቹ መሐል፣ ይሄንኑ ዱባ አርግዤ። ሳሙራዩ ራሱ ‹ያዢው› ይላል።»

የግቢው ሹም ኢሄይ፣ ኪራይ የሚሰበስበውና የተጣላውን የሚያስታርቀው ሽማግሌ፣ ከሳቁ የተነሳ ምርኩዙን ጣለ። «ባለፈው የነገርከን ድመትና አይጥ ይሻላል። እሱ ቢያንስ ይሆናል።»

«እውነቴን ነው፤ ጋሼ ኢሄይ፣ በእናቴ።»

ኦቶሰ በበሩ ክፍተት ቅንድቡን አየችው። ንቅንቅ አላለም። አንድ ጊዜ እውነት ቢናገር፣ እውነቷ አንገቱን የምታስቆርጥ ሆነች። ሃቾቦሪ ደግሞ የከተማው ፖሊስ ሁሉ የሚኖርባት ሰፈር ናት።

እንዳሰበችውም ሆነ። የመተላለፊያው በር ተንኳኳና አንድ ቀጭን ሰው ገባ፤ ከመታጠቂያው አጭር የብረት ዘንግ ሰክቷል። ሰንዞ የሚባለው የፖሊሶቹ ጆሮ ጠቢ ነው። መዳፉን ዘረጋ፤ መዳፉ ላይ የዱባ ጭራ አለ።

«ዛሬ ኪዮባሺ ላይ አዋላጅና እርጉዝ የጌታን ሰልፍ ቆርጠዋል። መቁረጡስ መብት ነው። ካለፉ በኋላ ግን መንገዱ ላይ ይሄ ተገኘ። እርጉዝ ሴት ከሆዷ የዱባ ጭራ የሚወድቅባት የት አገር ነው?»

«ኧረ እርጉዙ ይኸውና» አለ ኢሄይ፣ ሳቁ ገና ሳይበርድ ማታሮኩን በምርኩዙ እየጠቆመ። «አሁን ራሱ ሲነግረን ነበር።»

የሰንዞ ዓይን ማታሮኩ ላይ አረፈ። ከፊቱ ወደ ሆዱ ወረደ፤ ከሆዱ ወደ ቅልጥሙ። ማታሮኩ አፉን ከፈተ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውስጡ የሚወጣ ነገር አጣ።

ኦቶሰ ሕፃኗን ታቅፋ ወጣች።

«አዋላጇ እኔ ነኝ» አለች። «እርጉዟ ልጄ ናት። ጎህ ሲቀድ ምጥ ያዛት፣ ተሻገርን፣ ወለደች። ይቺውት።»

«ዱባውስ?»

«ለአራስ የተያዘ ነው። እኔ ነኝ ጉያዬ ሥር የያዝኩት።»

«እሺ፣ ይሄ ሰውዬ?»

ኦቶሰ ማታሮኩን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ገበያ ላይ የቀረ የጠወለገ የራዲሽ ሥር እንደሚታይ።

«ይሄማ ውሸታም ነው። እኔው ነኝ ያዋለድኩት። ሌላው ልጅ በጭንቅላቱ ይወጣል፤ እሱ ግን አፉን ከፍቶ ነው የወጣው።»

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። ሰንዞም መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ኋላ በሆዱ ሳቀ። ሕፃኗን አየ፤ ሕፃኗ ደግሞ ጊዜዋን ጠብቃ ጮኸችበት። ኦቶሰ ግራ ቅንድቧ ያለ ፈቃዷ ብድግ ሲል ተሰማት፤ ሕፃኗን ከፍ አድርጋ በመጠቅለያው ጫፍ ሸፈነችው።

«በሉ አንድ ሳህን ይስጡኝ» አለ ሰንዞ ድስቱ አጠገብ እየተቀመጠ። «ሽታው ከመግቢያው ጀምሮ ነው የሳበኝ።» ማስረጃውን እስከ መጨረሻው ቁራጭ በላው፤ ጨው ትንሽ እንደሚያንሰውም ተናገረ።

እሱ ሲሄድ ኦቶሰ ገመዱን አውርዳ ጫፉን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ከኦዮነ ኪሞኖ ቀዳ አንዲት ቅዳጅ አሰረች፤ ቋጠሮዋን ሁለት ጊዜ አጠበቀች። ከዚያ ማታሮኩ አጠገቧ ሲደርስ፣ አናቱ ላይ የቀረውን ጨርቅ ገፍፋ ጫፉን ቀደደችው።

«ያ ደግሞ የማነው?»

«ያንተ።»

«እኔማ አለሁበት» አለ፤ ጎንበስ ብሎም አንዲት የደበዘዘች ሰማያዊ ቅዳጅ ነካ። «ይቺ የእናቴ ናት። አንዴ ተወልጃለሁ።»

«ሁለቴ ተወልደሃል» አለች ኦቶሰ፣ ቋጠሮውን በጥርሷ እየሳበች። «ሁለቱንም ጊዜ እኔው አወጣሁህ። ሁለቱንም ጊዜ አፍህን ከፍተህ።»